ማስተካከያ፦ ስለ ሽቦው ዙር የጻፍኩት ስህተት ነበር
ባለፈው ሳምንት በሚስማር ላይ ሽቦ ጠምጥሞ፣ ከባትሪ ጋር አገናኝቶ ማግኔት ስለመሥራት ስጽፍ «ዙሩን እጥፍ ካደረጋችሁ የማግኔቱም ጉልበት እጥፍ ይሆናል» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ይህ የሚሆነው ከረንቱ (በሽቦው የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ፍሰት) ካልተቀየረ ብቻ ነው። በዚያው ባትሪና በዚያው ዓይነት ሽቦ ግን ዙሩ እጥፍ ሲሆን ሽቦው ይረዝማል፣ ሬዚስታንሱ (ከረንቱን የመቋቋም አቅሙ) እጥፍ ይሆናል፣ ከረንቱ ወደ ግማሽ ይወርድና ጉልበቱ እዚያው አካባቢ ይቀራል። የትኛውም የፊዚክስ መማሪያ ላይ ያለው የኦም ሕግ ነው (ቮልቴጁ ካልተቀየረ ሬዚስታንስ ሲጨምር ከረንት ይቀንሳል)፤ ትናንት አራት ኪሎ ቤቴ ቁጭ ብዬ በቴስተርም ለካሁት።

እኔን አምናችሁ ፒያሳ ድረስ ሄዳችሁ ተጨማሪ ሽቦ የገዛችሁ፣ ይቅርታ። ብቻ አትጣሉት፤ ዙሩ ሲበዛ ከረንቱ ስለሚያንስ ሽቦው ብዙም አይግልም፣ ባትሪውም ይቆያል። ጉልበት ከፈለጋችሁ ወፈር ያለ ሽቦ ይሻላል፣ ባትሪ ቶሎ ቢጨርስም። ማግኔት እያንቀሳቀሱ ኤሌክትሪክ ለማመንጨት ከሆነ ግን ዙር መጨመር ቮልቴጁን ከፍ ያደርጋል፤ እሱ እንዳለ ነው።