ቀጥሎ የሙሽራው ወገን!

«ጀማሪ ነኝ፤ ምን ካሜራ ልግዛ?» ብለው የሚጠይቁኝ ልጆች ብዙ ናቸው። ካኖን ይሻላል ወይስ ሶኒ? ሌንሱስ 50 ይሁን 85? እኔ ደግሞ መልሼ እጠይቃቸዋለሁ፤ «ድምፅህ እንዴት ነው?» ይስቃሉ። የቀለድኩ ይመስላቸዋል። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ቀን እንኳን የሠርግ ፎቶ ያነሳ ሰው ግን አይስቅም።

ካሜራውማ ይለመዳል። ብርሃኑን የምትቆጣጠረው በሌንሱ ቀዳዳ፣ በሸተር ፍጥነትና ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት በሚወስነው በአይኤስኦ ነው። ከዚያ በኋላ ትንሽ የሚያስቸግረው ነጭ ልብስ ነው። የካሜራው የብርሃን መለኪያ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ መጎተት ይወዳል። ጥቁር ሱፍ አሳየው፣ ግራጫ። ቬሎ አሳየው፣ ግራጫ። በመልስ ቀን ደግሞ የሐበሻ ቀሚስ የለበሱ እናቶች ነጠላቸውን አጣፍተው ፊቱ ሲደረደሩ ጭራሽ ይጠፋበታል። ዝም ካልከው ያን ሁሉ ጥጥ አመድ የነሰነሰበት ያስመስለዋል። መፍትሔው ግን ቀላል ነው፤ ብርሃኑን አንድ ደረጃ ከፍ ታደርገዋለህ፣ ነጩ ነጭ ይሆናል።

እናቶቹን ማሰለፉ ነው መፍትሔ የጠፋለት።

«የሙሽሪት ቤተሰብ ብቻ!» ብለህ ትጮኻለህ። «ብቻ» የምትለውን ቃል የሰማ የለም። እናት አባት ይመጣሉ። እህት ወንድም ይመጣል። አክስቶች ይመጣሉ። የእናት የማኅበር ጓደኞች ይመጣሉ። የእድሩ ዳኛ ይመጣሉ። ማንም የማያውቀው ልጅ ከረሜላ እየላሰ መጥቶ መሃል ይቆማል። ልጁን ማስወጣት አይቻልም፤ የማን እንደሆነ ስለማይታወቅ የማንም ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ክርክሩ ይጀመራል። የፎቶ ሕግ ረጅም ከኋላ፣ አጭር ከፊት ይላል። የሀገሩ ሕግ ደግሞ ታላቅ ከፊት፣ ታናሽ ከኋላ ይላል። ሁለቱ ሕጎች የሚጋጩት ሁልጊዜ አንድ ቁመተ ሎጋ ሽማግሌ ላይ ነው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ረጅም ስለሆኑ ከኋላ ቢሆኑልን?»

«ማን? እኔ?»

«ለፎቶው እንዲያምር ብዬ ነው።»

«ይህችን ልጅ ሽማግሌ ሆኜ የለመንኩት እኔ ነኝ! ከኋላ ሆኜ አይደለም የለመንኩት!»

እዚህ ጋ በየትኛውም የፎቶ ትምህርት ቤት የማይሰጥ እውቀት ያስፈልጋል። ጮክ ብለህ «ኧረ ለጋሼ ወንበር አምጡላቸው!» ትላለህ። ጋሼ ይቀመጣሉ። ክብራቸው ከፍ ይላል፣ ቁመታቸው ዝቅ ይላል። እኔ ይህን ዘዴ ያወቅሁ ቀን ከሌንስ በላይ ወንበር አፈቅር ጀመር። ችግሩ፣ ለጋሼ ወንበር ከመጣ የአባት ታላቅ እህት ቆመው አይቀሩም። ለእሳቸው ከመጣ ለእናት ታላቅ እህትም ሊመጣ ነው። ትንሽ ቆይቶ ግማሹ ሠርገኛ ተቀምጦ ሙሽሮቹ ብቻ ቆመው ታገኛቸዋለህ።

የተፋቱ ወላጆች ካሉ ደግሞ ሙሽሮቹ ድንበር ይሆናሉ። አባት በዚህ ጫፍ፣ እናት በዚያ ጫፍ። የአባት አዲሷ ሚስት የት ትቁም ብለህ አትጠይቅ። ባትሪ እቀይራለሁ ብለህ ዞር በል፤ ራሳቸው ይጨርሱታል።

አንዳንዴ በድሮዎቹ ፎቶ አንሺዎች እቀናለሁ። ቦያጂያኖችን ውሰዱ። አርመኖች ናቸው፤ አባትዬው ቤድሮስ በአፄ ምኒልክ፣ ልጁ ሃይጋዝ በንግሥት ዘውዲቱ፣ ሌላው ልጁ ቶርኮም በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺዎች ነበሩ። ዕቃው ከባድ ነው፣ ፎቶው የሚቀረጽበት መስታወት ይሰበራል፣ ሰው ሳይነቃነቅ መቆም አለበት። ቢሆንም ማን የት እንደሚቆም ማዕረጉ ይነግራቸዋል። ራስ ከደጃዝማች ይቀድማል፣ ደጃዝማች ከፊታውራሪ። ቀኝ አዝማችና ግራ አዝማችማ መቆሚያቸውን ይዘው የመጡ ይመስላሉ። የእኔ ሠርገኛ ሁሉም ራስ ነው።

ይህ ሁሉ በአዳራሽ ነው። መናፈሻውን ደግሞ በጥር እዩት። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ሁሉም ለማግባት ስለሚጣደፍ ብሔረ ጽጌም እንጦጦም ቬሎ በቬሎ ይሆናል። ከዛፍ ሁሉ የሚያምረው አንድ ነው፣ ሙሽሮቹ ደግሞ ለእሱ ተሰልፈዋል። ሚዜዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ሱፍ ነው የለበሱት። «ና ወንድሜ፣ ጠጋ በል» ብለህ ካቆምከው በኋላ የሌላ ሠርግ ሚዜ ሆኖ ይገኛል። እሱም አልተናገረም፤ ፎቶ ነው፣ ለምን ይቅርበት?

ቀለበት ሲደረግ ደግሞ አንተን የሚያሳይህ የለም። ጀርባህ ሦስት የቪዲዮ ሰዎች አሉ፣ ፊትህ ሞባይሉን ከፍ አድርጎ የያዘ ዘመድ። ቀለበቱን በእሱ ስልክ ውስጥ ነው የምታየው። ዞር በል ብትለው ይቆጣል፤ ያንተ ግን ሥራ ነው፣ የሱ ፍቅር ነው። ሲያልቅ ይመጣና «ያነሳኸውን በቴሌግራም ላክልኝ» ይልሃል።

ስለ ገንዘቡ ብዙ አልልም። ቀብድ በፈገግታ ይከፈላል። ቀሪው ሂሳብ ከጫጉላ አይመለስም። አልበሙ ሲደርስ ደግሞ «ትንሽ አቅላኝ»፣ «አገጬን ቀንስልኝ»፣ «ይቺ ልጅ ከጎኔ ምን ትሠራለች፣ አውጣት» ይመጣል። በፎቶሾፕ ያልቀላ ዘመድ፣ በፎቶሾፕ ያልተባረረ ጎረቤት የለም።

በቀደም የሙሽሪት እናት ደወሉ። ዋሽንግተን ያለው ወንድማቸው ፈቃድ አጥቶ ሠርጉ ላይ አልተገኘም።

«የኔ ልጅ፣ ፎቶውን ልኬልሃለሁ፣ ከእኔ አጠገብ አድርግልኝ።»

ከፈትኩት። ሰውዬው ወፍራም የክረምት ጃኬት ለብሶ፣ በረዶ ውስጥ ቆሞ፣ መኪናውን ተደግፏል። መኪናዋን ቆርጬ፣ በረዶውን አራግፌ፣ ከአንዱ ሚዜ ሱፍ ተውሼ አለበስኩት። ተደግፎ ስለነበር ትንሽ ይዘማል። ከጎን ያለውን የአጎት ልጅ ትከሻ እንዲደገፍ አደረግሁት። ተቃቅፈው የሚስቁ መሰሉ። እናትየው አለቀሱ፣ መረቁኝ።

ማታ ከውጭ ሀገር ቁጥር ተደወለ።

«ወንድሜ፣ ሥራህ በጣም ጥሩ ነው። እጅህን ይባርከው።»

«አሜን ጋሼ።»

«ግን ለምንድን ነው ከኋላ ያቆምከኝ?»

ቆሞ የተነሳን ሰው ወንበር ላይ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም ያለው ካለ ስልኬ ክፍት ነው።