ሮዝ ባንዲራ

በባንዲራ ጉዳይ ፌስቡክ ላይ የማይጣላ ሰው የለም። አንዱ አንበሳውን ይለጥፋል፣ ሌላው ልሙጡን፣ ሌላው ባለኮከቡን። ኮመንቱ ውስጥ ዘር ማንዘር ይሰደባል። አሜሪካ ያሉት ዘመዶቻችንም ሰልፍ በወጡ ቁጥር የትኛውን እንያዝ ብለው ይኳረፋሉ። እሺ፣ ተጣሉ። የእኔ ብሶት ግን ሌላ ነው። ምሰሶው ላይ የተሰቀለውን ጨርቅ ማን ያየዋል?

ለጉዳይ የምመላለስበት አንድ መሥሪያ ቤት አለ። ግቢው ውስጥ ያለው ባንዲራ ቀዩ ሮዝ ሆኗል። ቢጫው ነጭ ሊሆን ምንም አልቀረው። ሰማያዊው ክብ ደብዝዞ ኮከቡን መፈለግ ነው። ነፋስ የሚመታው ጫፍ ተተልትሎ ዘርፍ አውጥቷል። ጥበቃውን "ጋሼ፣ ይሄ ነገር አይቀየርም እንዴ?" ብላቸው "እኔ በር ነው የምጠብቀው ልጄ" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ውስጥ ገብቼ ስጠይቅ "ግዢ ተጠይቋል" ተባልኩ። ይህ መልስ ምን ማለት እንደሆነ ደጅ የጠና ሁሉ ያውቀዋል። የኃላፊው ወንበር ግን አዲስ ነው።

የአዲስ አበባ ፀሐይ እኮ ቀልድ አይደለም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ርካሽ ጨርቅ ላይ የታተመ ቀለም ቀን ፀሐይ፣ ሌሊት ዝናብ እየመታው እንዴት ይቆይ? ልጆች ሆነን ባንዲራ ጠዋት ተሰቅሎ ማታ ይወርድ ነበር። ሲወርድ መንገደኛው ሳይቀር ቀጥ ብሎ ይቆማል። ክብሩ እንዳለ ሆኖ ጨርቁም ያርፍ ነበር። አሁን አንዴ ከወጣ ወጣ ነው።

የሚያናድደኝ ደግሞ ያለፈበትን ሳስብ ነው። በምኒልክ ዘመን ሦስቱ ቀለሞች በመጀመሪያ ለየብቻቸው ነበር የሚውለበለቡት፤ በአንድ ጨርቅ ላይ የመጡት በ1890 ዓ.ም. ገደማ ነው። በጃንሆይ ጊዜ ዘውድ የደፋው አንበሳ መስቀል ያለበት በትር ይዞ መሃሉ ላይ ቆመ። ደርግ መጣና ዘውዱን አወለቀ፣ የመስቀሉን ጫፍ ጦር አደረገው። ብዙም ሳይቆይ አንበሳውን ራሱን አነሳው። በ1980 ደግሞ የራሱን አርማ ለጠፈ። ኢሕአዴግ በ1988 ሰማያዊውን ክብና ኮከቡን አመጣ። በዚህ ሁሉ ግርግር አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀዩ አልተነካም። ጋና በ1957 እ.ኤ.አ. ነጻ ስትወጣ ቀለሞቻችንን ወስዳ ጥቁር ኮከብ ጨመረችበት። ጊኒ፣ ማሊና ሴኔጋልም ተከተሉ።

ትርጉሙንማ ሁሉም የየራሱን ይነግርሃል። አያቴ "የኖኅ ቃል ኪዳን፣ ቀስተ ደመናው ነው" ትል ነበር። ትምህርት ቤት ልምላሜ፣ ተስፋ፣ የጀግኖች ደም ብለው አስተማሩን። የ2001ዱ አዋጅ ደግሞ አረንጓዴው ሥራ፣ ልምላሜና ዕድገት፣ ቢጫው ተስፋ፣ ፍትሕና እኩልነት፣ ቀዩ መሥዋዕትነትና ጀግንነት፣ ሰማያዊው ሰላም ነው ይላል። ሮዝ ምን እንደሆነ የሚናገር አዋጅ ግን እስካሁን አላየሁም።

ገበያ ብትወጡ ደግሞ የባሰ አለ። በሕጉ የባንዲራው ወርድ የርዝመቱ ግማሽ ነው። ሻጮች ጋ ግን አንዱ አራት ማዕዘን ሊሆን ደርሷል፣ አንዱ እንደ መቀነት ረዝሟል። ኮከቡ ተዘቅዝቆ የታተመ አግኝቼ ለልጁ ባሳየው "አንቺ ደግሞ! ማን ያየዋል ብለሽ ነው?" አለኝ። መልስ አጣሁ። ልክ ነዋ!

ጭራሽ ገልብጦ የሚሰቅልም አለ። ልሙጡን ከገለበጥከው ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ይሆናል። እሱ ደግሞ ባለቤት አለው፤ ቦሊቪያ ከ1851 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስታውለበልበው ኖራለች። አንድ ስብሰባ ላይ አዳራሽ ሙሉ ሰው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ የእኛን መዝሙር ለቦሊቪያ ሲዘምር አይቻለሁ። መድረኩ ላይ የነበሩት ትልልቅ ሰዎችም አብረው ዘመሩ።

ጥቅምት የመጀመሪያው ሰኞ የሰንደቅ ዓላማ ቀን ነው። ንግግር ይደረጋል፣ ቲሸርት ይታደላል፣ አዲስ ባንዲራ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ ገመዱን የሚነካ የለም። ንብረት ክፍል ውስጥ አንድ ሁለት ትርፍ ባንዲራ ማስቀመጥ ያን ያህል ከባድ ነው? የቲሸርቱ በጀት እኮ ይበቃዋል፣ ይተርፈዋልም።