ቆመህ 1.30፣ ተቀምጠህ 5 ዩሮ

እግሬን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነክሬ ነው የምጽፈው። ልጆቹ ልብሳቸውን እንኳ ሳያወልቁ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ባልዬው አሁንም ስልኩ ላይ ስለ ሮም ያነባል። አልበቃውም! ስድብ ካበዛሁ ቻሉኝ፣ ገና አልበረደልኝም።

ይቺ ከተማ ውኃ በነፃ ነው። በየመንገዱ ዳር ቀኑን ሙሉ የሚፈስ ቧንቧ አለ፤ ከ2000 በላይ ነው ይላሉ። ልጆች ደግሞ ቧንቧ ሲያዩ ያው ታውቋቸዋላችሁ። ጠጡ፣ ተረጫጩ፣ እንደገና ጠጡ። ከዚያማ የጠጡት መውጣት አለበት። ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ሮም በነፃ ታጠጣሃለች፣ መሽኛውን ግን ትሸጥልሃለች።

ከኮሎሲየም ወጥተን ብዙም ሳንሄድ ትንሿ «ማሚ ሽንቴ መጣ» አለች። እሷ መጣ ካለች መጥቷል፣ ቀጠሮ አይሰጥም። ፊት ለፊት ያገኘሁት ካፌ ገባሁ። አስተናጋጁ ከእግር እስከ ራሴ አየኝ።

«ሽንት ቤት ለደንበኛ ብቻ ነው።»

«እሺ፣ ማኪያቶ ስጠኝ።»

«መጀመሪያ ሒሳብ።»

1.30 ዩሮ ከፈልኩ። የአገራችን ማኪያቶ መስሏችሁ እንዳትጓጉ፤ ጉሮሮ የማያርስ ጠብታ ነው። ባንኮኒው ላይ ቆሜ በአንድ ጉንጭ ጨረስኩት፣ ቁልፍ ተቀብዬ ልጅቷን አንጠልጥዬ ሮጥኩ። ደረስን፣ ተመስገን። ስመለስ ሰውዬው ትልቁ ልጄ ፊት ተገትሯል። ልጁ ደጅ ካሉት ወንበሮች አንዱ ላይ ሆኖ ጫማው ውስጥ የገባ ጠጠር ያራግፋል።

«ጠረጴዛ ከያዛችሁ ዋጋው ሌላ ነው።»

«ማነው የያዘው?»

«ልጁ።»

«ልጁ ምንም አላዘዘም እኮ!»

«ተቀምጧል።»

«ጫማውን እያሰረ ነው!»

«ተቀምጦ ነው የሚያስረው።»

እናንተዬ! ዝርዝሩን አምጥቶ በጣቱ አሳየኝ። ቆሞ 1.30፣ ተቀምጦ 5 ዩሮ። ማኪያቶውን የጠጣሁት እኔ፣ ያውም ቆሜ! ብለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ቤተሰብ አንድ ነው።» 

ቤተሰብ አንድ ነው?! ሆቴል ስንገባ እንደዚያ አልተባልንም። እዚያማ የእንግዳ መቀበያዋ ሠራተኛ ፓስፖርታችንን እያገላበጠች «እናትየዋ ስሟ ለምን ከልጆቹ ተለየ?» ብላ ግማሽ ሰዓት አቁማናለች። እኛ በአባታችን ነው የምንጠራው፣ ባሌንም ባገባው አባቴ ያው አባቴ ነው ብዬ ላቤ እስኪንጠፈጠፍ አስረዳኋት። ኤርፖርትም ያው ጥያቄ ነው ሁሌ። ክፍል ለመግባት ቤተሰብ አይደለንም፣ ለወንበር ሒሳብ ሲሆን አንድ ነን።

ሰው ሁሉ ሹካውን አስቀምጦ ያየናል። ሰውዬው ሲናደድ ወደ ጣሊያንኛ ገባ፣ እኔም ወደ አማርኛ ገባሁ። እግዜር ይማረኝ። ባልዬው የልጅ ጋሪውን ይዞ ጆሮዬ ላይ «ክፈይና እንሂድ፣ ሰው እያየን ነው» ይለኛል። በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። «በነገራችን ላይ» አለ፣ «ኮሎሲየምን ያስጀመረው ቬስፓስያን እኮ ሽንት ላይ ግብር የጣለ የጥንት የሮም ንጉሥ ነው።» በዚያች ሰዓት! ሽንቱን ከሕዝብ ሽንት ቤት እየሰበሰቡ ለልብስ አጣቢዎች ይሸጡት ነበር አሉ። የንጉሡ ልጅ ቲቶ ነውር ነው ሲለው፣ አባትየው ከግብሩ የመጣ ሳንቲም አፍንጫው ሥር አድርጎ «ይሸታል?» አለው። እንግዲህ ከ1900 ዓመት በላይ አልፏል፣ ግብሩ ግን እስካሁን አልተነሳም። 3.70 ጨምሬ ከፈልኩ።

በጣም ያቃጠለኝ ግን ቀጥሎ ነው። ጥቂት በእግር እንደሄድን ባልዬው አንድ አደባባይ ላይ አቆመን። የአክሱም ሐውልት የነበረው እዚህ ነው አለ፣ አሁን የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ያለበት ሕንፃ ፊት ለፊት። እ.ኤ.አ. በ1937 ወሰዱት። በ1947 በ18 ወር ውስጥ የዘረፍነውን እንመልሳለን ብለው ፈረሙ። የመለሱት በ2005 ነው! 24 ሜትር ድንጋይ ይህን ሁሉ ዘመን ሲያቆሙ የመቆሚያ ማን አስከፈላቸው? የኔ ልጅ አምስት ደቂቃ ለተቀመጠው ግን 5 ዩሮ። ልመለስና ልንገረው አልኩ፣ ባሌ ክንዴን ይዞ አስቀረኝ። አስተናጋጁ ምን አደረገ ይላል። እኔስ ምን አደረግኩ?

ከሰዓት በኋላ ደግሞ የስፔን ደረጃ። 135 ደረጃ! ልጆቹ ተዝለፍልፈው ሁለተኛው ላይ ዘጭ አሉ። ወዲያው ፊሽካ። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ መቀመጥ ክልክል ነው፣ ቅጣቱ እስከ 400 ዩሮ ይደርሳል። ደረጃ ሠርተህ አትቀመጡ ማለት ምን የሚሉት ነው? እዚያ እስክንደርስ እኮ የጋሪው ጎማ በዚያ ጥቁር ድንጋይ መንገድ ተንገጫግጮ አንዱ ሊወልቅ ምንም አልቀረውም። ትሬቪ ፏፏቴ ላይ ትልቁ ልጄ ሳንቲም ልወርውር ሲል ወርውር አልኩት፤ እሱስ ለድሆች ይሰጣል።

ሳሎኑ ውስጥ ለእንግዳ ሦስት ወንበር ከጎረቤት የሚበደር ሕዝብ ልጅ ነኝ እኮ። «ተቀመጡ እንጂ» ስንባል ያደግን። ለመቀመጥ ስከፍል ውስጤ ይቃጠላል፣ ምን ላድርግ።

ነገ ቫቲካን ነው ተብያለሁ፣ በጠዋት። ትኬቱ ተቆርጧል፣ ማን ይሰማኛል። እዚያ አካባቢ ልጅ በነፃ የሚያሸና ደግ ሰው የምታውቁ በውስጥ መስመር ጣሉልኝ። ታሪክ የሚነግረኝ ሰው ግን እንዳይጽፍልኝ፣ እቤቴ አለኝ።