ሞቅ ያለ ድምፅ ከዋት አይመጣም
ወንድሜ «ሞቅ ያለ ድምፅ ከፈለግህ ዋቱ ትልቅ የሆነ አምፕሊፋየር ግዛ» ያልከው ብዙ ሰው የሚለው ነው ግን ልክ አይደለም። ሞቅ ያለ ስል ለስለስ ያለ፣ ጆሮ የማይበሳ ድምፅ ማለቴ ነው። ዋት የሚጨምረው ጩኸት ነው እሱንም በትንሹ፣ 50 የነበረውን 100 ብታደርገው የምታገኘው 3 ዴሲቤል (የጩኸት መለኪያ) ብቻ ነው። ድምፁን በዋናነት የሚወስኑት ስፒከሩና ክፍሉ ናቸው። እኔ አዘዞ ያለው ቤቴ ወለሉ ሲሚንቶ መስኮቱ ባዶ ስለነበር ማሲንቆ ስከፍት ጆሮ ይበሳ ነበር፣ አምፕሊፋየሩን ልቀይር ስል ምንጣፍ አነጠፍኩ፣ ወፍራም መጋረጃ ሰቀልኩ፣ ትሬብሉንም (ቀጭኑን ድምፅ) ትንሽ ቀነስኩት፣ በቃ ለሰለሰ። ባለ ቲዩቡ (በመስታወት ቱቦ የሚሠራው የድሮ ዓይነት) አምፕሊፋየር አንዳንዱ እውነትም ድምፁን ያሞቀዋል ግን እሱም ቲዩቡ በሚጨምረው ዲስቶርሽን (የድምፅ መዛባት) እንጂ በዋት አይደለም። ፒያሳ ወጥተህ ብር ከማውጣትህ በፊት የራስህን ስፒከር ይዘህ ሂድና አስሞክረው።