ሽቦው ጥሩ ነው፣ ቆሻሻውም ይታሰብበት

ስለ ኤሊ እንቁላል ጥበቃ የወጣውን ጽሑፍ ያነበብኩት ሐዋሳ ሆኜ ነው። በካናዳ ኦንታሪዮ ነዋሪዎች የኤሊ እንቁላል በቀበሮና ራኩን በሚባል ትንሽ የዱር አውሬ እንዳይበላ ጉድጓዱን በእንጨት ፍሬምና በሽቦ ወንፊት ስለሚከልሉበት ሥራ ነው የሚያወራው። ልቤን ነክቶታል። እዚያ ስናፒንግ የሚባለው ዝርያ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቁላል ለመጣል ከ15 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ያን ያህል የተጠበቀ እንቁላል በአንድ ሌሊት ሲበላ ያሳዝናል።

ጸሐፊው ስለ ክዳኑ ትንሽ ቢጨምር ደስ ይለኝ ነበር። ክዳኑ ፀሐይ መከልከል የለበትም። በብዙ የኤሊ ዝርያዎች ጫጩቱ ወንድ ወይም ሴት የሚሆነው በአፈሩ ሙቀት ነውና። ከጎኑም ከመሬት እኩል ቀዳዳ ይተውለት፤ አለበለዚያ የተፈለፈሉት መውጫ ያጣሉ። እንቁላሉን ወደ ሌላ ቦታ ማዛወርማ በባለሙያ ካልሆነ አይሞከር። ከተገለበጠ ፅንሱ ሊሞት ይችላል።

ደግሞ የምግብ ትርፍራፊ አለ። ራኩን ከሰው ቆሻሻ እየበላ ይበዛል፣ ከዚያ ወደ እንቁላሉ ይዞራል። አሞራ ገደል በሚባለው የሐዋሳ ሐይቅ ዳር የዓሣ ገበያ ዓሣ ሲበለት ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል፤ የሆድ ዕቃው በተጣለበት አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ይሰበሰባል። እኛም አገር የንጹሕ ውኃ ኤሊዎች አሉ፤ እነሱም አፈር ቆፍረው ነው የሚጥሉት። ሐይቅ ዳር የምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች፣ እባካችሁ ትርፍራፊውን ዳርቻው ላይ አትጣሉት። ኤሊ ስትቆፍር ካያችሁም ራቅ ብላችሁ ተመልከቱ፣ ውሻ ካላችሁ ያዙት።