መቼ እንደሚመጡ እንኳ ንገሩን

ባለፈው ሐምሌ ደምበጫ እናቴ ቤት ነበርኩ። አንድ ማታ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ከነነፋሱ ወረደ። የጎረቤት ባሕር ዛፍ ሲወድቅ የመብራት ምሰሶውን ይዞት ወደቀ። ጎርፉ በጓሮ ገብቶ እህሉን ነካው።

ዝናቡ ሳያባራ ግቢው ሰው ሞላ። ማንም አልጠራቸውም። ወንዶቹ በዶማ ቦይ ቀደዱ፣ ሴቶቹ የራሰውን ጤፍ ተሸክመው አወጡ። በማግስቱ ፀሐይ ብልጭ ስትል ሰሌን ላይ ያሰጡታል፣ ሰማዩ ሲያጉረመርም ያስገቡታል፣ ደግሞ ያሰጡታል፤ ሦስት ቀን ሙሉ እንዲህ ሲሉ የራሳቸው ቤት ሥራ ያለባቸው አይመስሉም ነበር።

መብራቱ ግን እንደጠፋ ቀረ። ወደሚመለከተው ቢሮ ሄድኩ።

«ተመዝግቧል፣ ይመጣሉ» አሉኝ።

«መቼ?»

«ይመጣሉ።»

ይቺ «ይመጣሉ» እስካሁን ትቆጨኛለች። እኔ የምኖረው ሰሜን ካሮላይና፣ አሽቪል አጠገብ ነው። ሄለን የተባለችው አውሎ ነፋስ በ2017 የደመራ ዕለት ማታ ፍሎሪዳ ገብታ፣ በመስቀል ጠዋት እኛ ተራሮች ላይ ደረሰች። ሚቸል ተራራ ላይ በጥቂት ቀን ከ600 ሚሊ ሜትር በላይ ዘነበ። የስዋናኖዋ ወንዝ ቤትና መኪና ጠርጎ ሄደ። በስቴቱ ከ100 በላይ ሰው ሞተ። መንገዱ ስለተቆረጠ ተራራ ላይ ላሉ መንደሮች ምግብና መድኃኒት በበቅሎ ጭምር ነው የደረሰው። አሜሪካ ውስጥ፣ በበቅሎ! ለእናቴ ስነግራት «በቅሎማ መቼም ሰው አታሳፍርም» አለች።

እዚያም ቢሆን ቶሎ አልተሠራም። እኔ ቤት መብራት የመጣው በሁለት ሳምንቱ ነው። አሽቪል ውስጥ የቧንቧ ውኃ ሳይፈላ ይጠጣ የተባለው ኅዳር 9 ቀን ነው፣ 53 ቀን ቆይቶ። በሬን ያንኳኳ ጎረቤት እንኳ የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው፤ ደምበጫ ቢሆን ይህ አይታሰብም። ግን በየቀኑ የካውንቲው ኃላፊዎች በሬዲዮ ይናገሩ ነበር። መኪና ውስጥ ቁጭ ብለን እንሰማለን። የትኛው መንገድ ተከፈተ፣ ውኃ የት ይታደላል፣ ሁሉንም ይነግሩናል። ስለ መብራቱ በስልኬ መልእክት መጣ፣ ቀን ተቆርጦ። ቀኑ ሲያልፍ ሌላ ቀን ላኩ። ተናድጃለሁ፣ ግን ያቺን አንዲት ጋዝ ለስንት ቀን እንደማብቃቃት አውቄ ነበር።

እናቴ ሰፈር መብራት ሲጠፋ ወፍጮው ይቆማል። የናፍጣ ወፍጮ ያለው አንድ ሰዓት ተኩል በእግር ተሂዶ ነው። ወር ይፈጃል ቢባሉ ሴቶቹ ተነጋግረው በተራ፣ በአህያ ጭነው አንዴ ያስፈጩ ነበር። እነሱ ለዚህ ዓይነቱ ነገር ምክር አያንሳቸውም። «ይመጣሉ» ስለተባሉ ግን ሁሉም ዛሬ ነገ ይላል። ለሁለት ቀን የሚሆን ብቻ ተሸክመው በጭቃ ይሄዳሉ፣ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ይሄዳሉ። እናቴ 68 ዓመቷ ነው።

ትናንት ደወልኩ። ምሰሶው እዚያው ወድቋል። ልጆች ተቀምጠውበት ያጠናሉ አለችኝ። ጠዋት ወፍጮ ሄዳ ነበር፣ ሁለት ቁና ይዛ።

«ለምን ጨመር አድርገሽ አትወስጅም እማ?»

«ይመጣሉ ብለውናል እኮ ልጀ።»