መረጠች፣ ግን አልተመረጠችም

እ.ኤ.አ. በ1893 ኒውዚላንድ ውስጥ ወደ 32,000 የሚጠጉ ሴቶች በአቤቱታዎች ላይ ፈረሙ። የመምረጥ መብት ይሰጠን ነው ጥያቄው። የትግሉ መሪ ኬት ሼፕርድና ጓደኞቿ የዋናውን አቤቱታ የፊርማ ወረቀቶች ጫፍና ጫፋቸውን አጣብቀው ጠቀለሉና ለፓርላማ ላኩ። ጥቅልሉ ሲዘረጋ ከ270 ሜትር በላይ ይረዝም ነበር። በዚያው ዓመት ሕጉ ጸደቀ፤ ሴቶቹም መረጡ።

ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው እስከዚህ ድረስ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። እነዚያ ሴቶች ለፓርላማ መወዳደር የተፈቀደላቸው በ1919 ነው። የመጀመሪያዋ ሴት፣ ኤልዛቤት ማኮምብስ፣ ተመርጣ የገባችው ደግሞ በ1933። አርባ ዓመት! በ21 ዓመቷ የመጀመሪያ ድምፅዋን የሰጠች ወጣት፣ ፓርላማ ውስጥ ሴት ስታይ 61 ሞልቷታል።

ፊንላንድ በ1906 መምረጥንም መመረጥንም በአንድ ጊዜ ፈቀደች። በቀጣዩ ዓመት ምርጫ ከ200 መቀመጫዎች 19ኙን ሴቶች አሸነፉ። የፊንላንድ ሴቶች ከሌሎቹ ስለሚበልጡ አይደለም። መወዳደር ስለተፈቀደላቸውና ፓርቲዎችም ስላቀረቧቸው ነው።

ስለዚህ "ብቁ ሴት ጠፋ" የሚለው ነገር አይዋጥልኝም። እጩ የሚለየው ከምርጫው ቀን ብዙ ቀደም ብሎ፣ ጥቂት ሰዎች በር ዘግተው ሲመካከሩ ነው። መቀመጫ በፓርቲው የእጩዎች ዝርዝር ተራ በሚታደልበት ምርጫ፣ ሴቷ ዝርዝሩ ውስጥ ትገባለች፤ ግን 18ኛ ላይ። ፓርቲው 10 መቀመጫ ካገኘ እሷ ውጭ ቀረች ማለት ነው።

አርጀንቲና ይህ ገብቷታል። የ1991 ሕጓ ከእጩዎቹ ቢያንስ 30 በመቶው ሴቶች ይሁኑ ብሎ አላቆመም፤ ለማሸነፍ በሚያበቃ ተራ ላይ ይቀመጡ አለ። ሩዋንዳም በ2003 ሕገ መንግሥቷ ለሴቶች ቢያንስ 30 በመቶ ደነገገች፤ በ2008 በታችኛው ምክር ቤት ሴቶች ከግማሽ በላይ ሆኑ።

ኮታ ሴቶችን ያሳንሳል የሚሉ አሉ። በኮታ ገባች ተብላ የምትናቅ ሴት እንዳለች አውቃለሁ፤ ያማል። ግን ስዊዘርላንድ ውስጥ እስከ 1971 ድረስ በፌዴራል ምርጫ የሚመርጡትም የሚመረጡትም ወንዶች ብቻ ነበሩ። ግማሹ ሕዝብ ከውድድር ውጭ ተደርጎ ያሸነፉትን ማንም ስለ ብቃታቸው አላፋጠጣቸውም።

እንግዲህ አንድ ፓርቲ "ይህን ያህል ሴቶች አቅርቤአለሁ" ሲል ቁጥሩን ብቻ ሰምተን አንለፍ። ስንተኛ ተራ ላይ ናቸው? የቆሙትስ ፓርቲው በሚያሸንፍበት ወረዳ ነው ወይስ ሁሌም በሚሸነፍበት?